ማገዶ ስንት ያወጣል? የቤት ነዳጅ ዋጋ ታሪክ ከእንጦጦ እስከ ሰንበቴ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚዎች ስለ አሞሌ ጨው፣ ስለ ማርያ ትሬዛ ብር፣ ስለ ጤፍና ስለ ቡና ዋጋ ብዙ ጽፈዋል። ስለ ማገዶ ዋጋ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ማገዶ አነስተኛ ጉዳይ ስለ ሆነ አይደለም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በኢትዮጵያ በቤት ውስጥ ከሚነደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከአዝመራ ተረፈ ምርት ነበር። ማገዶ ከታሪክ መዝገባችን የወጣው አብዛኛው ክፍሉ ከመዝገብ ውጭ ስለ ተለቀመ፣ ከመዝገብ ውጭ ስለ ተሸከመና ከመዝገብ ውጭ ስለ ተቃጠለ ነው።

ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ማገዶ ከሌሎቹ የቤት ነዳጆች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው ወይስ ውድ? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ ተጠይቋል፤ በየዘመኑም የተለየ መልስ አግኝቷል። የእኔ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ መልሱ የተለያየው የእንጨቱ ባሕርይ ስለ ተለወጠ ሳይሆን፣ በዋጋው ውስጥ የማን ወጪ እንደሚቈጠርና የማን ወጪ እንደማይቈጠር ስለ ተለዋወጠ ነው። ለማሳያ ያህል የአዲስ አበባን የቀድሞ ታሪክ፣ የወሎን የደን ክርክርና በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የምትገኘውን የሰንበቴን ገበያ እጠቀማለሁ።

ሰንበቴን ስለ መምረጤ

ሰንበቴ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአጣዬና በከሚሴ መካከል ትገኛለች። ገበያዋ የሚቆመው እሑድ ነው፤ ስሟም ይህንኑ ያስታውሳል። በማግስቱ ሰኞ ታላቁ የባቲ ገበያ ይቆማል። ሁለቱም ገበያዎች የተመሠረቱት በአንድ የመልክዓ ምድር እውነት ላይ ነው፤ የደጋው ተራራና የአፋር ሜዳ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሌላቸውን ፍለጋ ያላቸውን ይዘው የሚገናኙባቸው ሥፍራዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የውጭው ዓለም ጽሑፍ ስለ ማገዶ ዋጋ ሲያወራ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ቤት ስለ ማሞቅ ነው፤ የክረምቱን ብርድ ለማለፍ እንጨት ይሻላል፣ ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ እያለ ያሰላል። የሰንበቴ ሰው ቤቱን የሚያሞቅበት ምክንያት የለውም፤ አገሩ ቆላ ነው። እሳቱ የሚነደው ለምጣዱ፣ ለወጡና ለቡናው ነው። ከአፋፉ በላይ በመንዝ ደጋ ግን እሳት ምግብም ሙቀትም ነው፤ አንዱ ጉልቻ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ልዩነት ውስጥ አንድ ዓይነት እንጨት ሁለት የተለያየ አገልግሎት ይሰጣል። የነዳጅ ዋጋ ንጽጽር የመጀመሪያው ሕግ ከዚህ ይነሣል፤ የምናነጻጽረው ነዳጁን ሳይሆን ነዳጁ የሚሰጠውን አገልግሎት መሆን አለበት።

በሰንበቴና በአካባቢዋ የሚነደው ነገርም አንድ ዓይነት አይደለም። ከቆላው የግራር እንጨትና ከሰል ይመጣል፤ ከዳገቱ ክትክታና ሌላ ቁጥቋጦ፤ ከመኸር በኋላ የማሽላ አገዳ፤ ከደጋው ወገን ባሕር ዛፍ። ሴቶች በጀርባቸው ያመጡት ሸክም አለ፤ በአህያ የመጣ ጭነት አለ፤ በማዳበሪያ ተሞልቶ ለመንገደኛ መኪና የተደረደረ ከሰል አለ። ሸክም መለኪያ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ሸክም እንደ ኪሎ የጸና መለኪያ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማገዶ ዋጋ የሚጨምረው የብሩ ቍጥር በማደጉ ሳይሆን ሸክሙ በመቅጠኑ ነው። የብሩን ቍጥር ብቻ እየመዘገበ የሚሄድ ተመራማሪ ዋጋው ጸንቶ ኖረ ብሎ ይጽፋል፤ ገዢዋ ግን ትናንት ለሦስት ቀን የበቃት እንጨት ዛሬ ለሁለት ቀን ብቻ እንደሚበቃት ታውቃለች።

ዋጋው ጉልበት በነበረበት ዘመን

ማገዶ በገንዘብ ከመሸጡ በፊትም ዋጋ ነበረው። በገባር ሥርዓት ውስጥ ገባሩ ለባለ ጉልቱ ከሚያበረክተው አገልግሎት መካከል እንጨት መልቀምና ማቅረብ አንዱ ነበር። በዓል በመጣ ቍጥር፣ ሠርግ በተደገሰ ቍጥር፣ የጌታው ግቢ እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱም የሚመጣው በገባሩና በቤተሰቡ ጀርባ ነው። ስለዚህ ለጌታው ማገዶ ነጻ ነበር፤ ለገባሩ ግን ከእርሻው የተነጠቀ ቀን ነበር። «ነጻ» የሚለው ቃል በማገዶ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ሊያጠራጥረን ይገባል፤ ከጀርባው የሌላ ሰው ጀርባ አለና።

የቤተ መንግሥትና የጦር ሠራዊት ስብስብ በአንድ ቦታ ሲቆይ በዙሪያው ያለው እንጨት ያልቃል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተሞቻቸውን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛወሩባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የማገዶ እጥረት ግን ከእነርሱ አንዱ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከተማዋ ይኸው ዕጣ ደረሰባት። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ተመነጠረ፤ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ በስተ ምዕራብ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ አዲስ ዓለም ተባለች።

አዲስ አበባ ግን አልተተወችም። ከምክንያቶቹ አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስገባው ብዙውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ ይነገራል። ምኒልክ ሕዝቡ እንዲተክል አበረታቱ። ባሕር ዛፍ ለማገዶ የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በፍጥነት ያድጋል፣ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፣ ሲቈረጥም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተተከለ መሬት ለዓመታት ደጋግሞ ይቈረጣል።

የአሜሪካው የጂኦግራፊ ምሁር ሮናልድ ሆርቫት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን ሲያጠና ይህን ሁኔታ ከአንድ የቆየ የጀርመን ንድፈ ሐሳብ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ፎን ትዩነን አንዲት ከተማ በሰፊ ሜዳ መካከል ብትገኝ ደን ከከተማዋ በጣም በቀረበ ቀለበት ላይ እንደሚተከል አስቦ ነበር። እንጨት ከባድ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሩቅ ቢሄድ የማጓጓዣው ወጪ ይበላዋል። ሆርቫት በአዲስ አበባ ዙሪያ ያገኘው የባሕር ዛፍ ቀለበት ይህንን አስተሳሰብ በሚገባ የሚያሳይ ነበር። ቀለበቱ ግን አንድ ሌላ ነገርም ያሳየናል፤ የማገዶ ዋጋ ዋነኛው ክፍል የእንጨቱ ሳይሆን የመንገዱ ዋጋ ነው።

መንገዱን የሚሸፍነውስ ማን ነው? በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ለአሥርት ዓመታት ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም ተሸክመው ሲወርዱ የምናያቸው ሴቶች ናቸው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ እነዚህ ሴቶች ያስጠናው ጥናት የማገዶን ጉዳይ ከደን ጥያቄነት ወደ ሠራተኛ ጥያቄነት ያሸጋገረ ነበር። የከተማው ገዢ «ማገዶ ርካሽ ነው» ሲል የሚለካው የእነርሱን የቀን ገቢ ማነስ ነው።

የምድጃው ሒሳብ

አሁን ወደ ቍጥር እንግባ። ይህ ስሌት የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው ነው፤ የታሪክ ተማሪም ሊያውቀው ይገባል።

በአየር የደረቀ እንጨት አንዱ ኪሎ ግራም ወደ 15 ሜጋጁል የሚጠጋ ሙቀት አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ግን ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ነው፤ የቀረው ከጭሱና ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ እንጨት የምናገኘው ጠቃሚ ሙቀት 2 ሜጋጁል ያህል ነው እንበል። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ወደ 35 ሜጋጁል አለው፤ ምድጃው 40 በመቶውን ቢያደርስ 14 ሜጋጁል ይሆናል። ከሰል በኪሎ ወደ 29 ሜጋጁል አለው፤ ምድጃው ሩቡን ቢያደርስ 7 ያህል ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3.6 ሜጋጁል ነው፤ 70 በመቶው ቢደርስ 2.5 ያህል ይሰጣል።

እንግዲህ ምጣኔው ይህ ነው፤ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ 7 ኪሎ እንጨት ጋር ይተካከላል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ከ3.5 ኪሎ እንጨት ጋር፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ1.25 ኪሎ እንጨት ጋር። የነጭ ጋዝ ሊትር ዋጋ ከእንጨት ኪሎ ዋጋ ከ7 እጥፍ በታች ከሆነ፣ ለሚከፍል ሰው ጋዙ ይረክሳል ማለት ነው።

ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምድጃው ሲለወጥ ምጣኔው ይለወጣል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለማገዶው ግን አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአገር ውስጥ ተነድፎ የተሠራጨው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የእንጨት ዋጋ ሳይወርድ የእንጀራው ማገዶ ወጪ በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከሰል ለገዢው ቍጠባ ሲመስል ለደኑ ብክነት ነው። በባህላዊው የአፈር ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ስድስትና ሰባት ኪሎ እንጨት ይፈጃል፤ ያ ከሰል በምድጃ ላይ የሚተካው ግን 3.5 ኪሎ እንጨት ነው። ታዲያ ለምን ከሰል ይከሰላል? ክብደቱ ስለሚቀል ነው። ወደ ፎን ትዩነን ስንመለስ፣ ከሰል የማገዶን ቀለበት የሚያሰፋ ጥበብ ነው። ከሰንበቴ ወይም ከአዋሽ ሸለቆ እንጨት በመኪና ወደ አዲስ አበባ ማድረስ አያዋጣም፤ ከሰል ግን ያዋጣል። በአውራ ጎዳናው ዳር የሚደረደረው ማዳበሪያ ከሰል ቆላውን የዋና ከተማው የማገዶ ቀለበት አካል ያደረገ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ በዚህ ሒሳብ ኤሌክትሪክ ማሸነፍ ነበረበት፤ አላሸነፈም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከ1966 እስከ 1983፦ እበቱ ወደ ሒሳቡ ሲገባ

በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአዳጊ አገሮች የኃይል ፖሊሲ አውጪዎች ሁለት ቀውስ እንዳለ መናገር ጀመሩ፤ አንዱ የነዳጅ ዘይት ቀውስ፣ ሌላው የማገዶ ቀውስ። በኢትዮጵያ ይህ ወቅት ከአብዮቱና ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጋር ገጠመ። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የደን ይዞታም በመንግሥትና በገበሬ ማኅበራት እጅ ወደቀ። በወሎ በተለይም ከድርቁ በኋላ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ተራሮች ተከለሉ፣ እርከኖች ተሠሩ፣ ችግኞች ተተከሉ። ገበሬው ግን በጉልበቱ የተከለውን ዛፍ የእኔ ነው ለማለት አልቻለም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከእነዚህ ደኖች ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ የተቈረጡት ለዚህ ነው። ዋጋ የነበረው ዛፍ ባለቤት አልነበረውም።

በዚህ ዘመን ለዋጋ ታሪክ ትልቅ አስተዋጽኦ ያደረገ አንድ ጥናት ተጻፈ። በ1984 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ባለሙያ የነበረው ኬኔት ኒውኮም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የደን ልማት ባቀረበው ጽሑፍ፣ የማገዶን ዋጋ በኩበት በኩል አሰላው። አካሄዱ ቀላል ነው። እንጨት ሲያልቅ ገበሬው እበት ያነዳል። እበቱ ቢቀር ኖሮ ወደ ማሳው ይመለስና እህል ያፈራ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሸክም እንጨት እውነተኛ ዋጋ እንጨቱ በመኖሩ ከመንደድ የተረፈው እበት የሚያፈራው እህል ነው። ኒውኮም ሂደቱን በደረጃ ከፍሎ አሳየ፤ መጀመሪያ እንጨት ለቤት ይቈረጣል፤ ቀጥሎ ለከተማ ይሸጣል፤ ከዚያ እበት በቤት ይነዳል፤ በመጨረሻም እበቱ ራሱ ለከተማ ይሸጣል፤ አፈሩም ይደክማል።

የሰንበቴን ገበያ ከአፋፉ በላይ ካለው ደጋ ጋር ስናስተያየው ሁለት የተለያዩ ደረጃዎችን በአንድ ጊዜ እናያለን። በደጋው ዛፍ ጥቂት በሆነበት ቦታ ኩበት ዋና ማገዶ ነው፤ በቆላው ገና ግራርና ቁጥቋጦ አለ። በደጋው የማገዶ ዋጋ በማሳው ላይ የሚቀነስ እህል ነው፤ በቆላው የሚቀነስ የግጦሽ ጥላ ነው። ሁለቱም በገበያው ቀን በሸክሙ ላይ በሚጠራው ብር ውስጥ አይገኙም።

የወሎ ደን ክርክር

ለብዙ ዓመታት በየሰነዱ ሲደጋገም የኖረ አንድ አባባል አለ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ ሦስት በመቶ ቀርቷል የሚል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ይህ ቍጥር ከምን እንደ ተነሣ ሲመረምር ጠንካራ መሠረት እንደሌለው አሳይቷል። ዶናልድ ክረሚ ደግሞ የቆዩ የወሎ ፎቶግራፎችን ወስዶ ፎቶግራፎቹ ከተነሡባቸው ቦታዎች አዲስ ፎቶግራፍ በማንሣት አነጻጸረ። በብዙዎቹ ቦታዎች ያገኘው ከቀድሞው ያነሰ ዛፍ ሳይሆን የበለጠ ዛፍ ነበር። ጽሑፉ በ1998 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ሲወጣ፣ ባሕሩ ዘውዴና ደሳለኝ ራህመቶም ስለ ወሎ ደንና የአካባቢ ጥበቃ ታሪክ የጻፏቸው ጽሑፎች አብረውት ወጥተዋል። ተማሪዎች ሦስቱን ጐን ለጐን እንዲያነቧቸው አጥብቄ እመክራለሁ።

በሌላ በኩል፣ ከከሚሴ በስተ ሰሜን ባለው በቃሉ አውራጃ ላይ ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ከ1958 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን አነጻጽረው የቁጥቋጦው መሬት መቀነሱንና የተራቆተው መሬት መስፋቱን አሳይተዋል።

ታዲያ ማን ትክክል ነው? በእኔ አመለካከት ሁለቱም የሚነግሩን ስለ አንድ ሂደት ነው፤ ማገናኛውም ዋጋ ነው። ባለቤት የሌለው ቁጥቋጦ ተለቀመ፤ ባለቤት ያለው ባሕር ዛፍ በየጓሮው ተተከለ። ማገዶ በገንዘብ መሸጥ ሲጀምርና ዋጋው ሲጨምር፣ ጓሮ ያለው ገበሬ ተከላ ያዋጣዋል፤ ጓሮ የሌላት ሴት ደግሞ ወደ ቀረው ቁጥቋጦ ትሄዳለች። ዛፍ ሲበዛ ክትክታው አለቀ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የዛፍ ቍጥር መጨመሩ ለድሃዋ ለቃሚ ማገዶ ቀረበላት ማለት አይደለም፤ ምናልባትም የራቀው ያን ጊዜ ነው።

ነጭ ጋዝና መብራት

በከተሞች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነጭ ጋዝ ብዙ ቤቶችን ከእንጨት አላቅቆ ነበር። ዋጋው በመንግሥት የተደጎመ ስለ ነበር፣ ቀደም ሲል ያሳየሁት የሰባት እጥፍ ምጣኔ ለጋዙ ያደላ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መባቻ፣ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ከናረበት ዓመት በኋላ፣ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን አነሣ፤ የነጭ ጋዝ ዋጋም በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የነጭ ጋዝ ተጠቃሚ ቀነሰ፤ የቻለ ወደ ኤሌክትሪክ ሄደ፤ ብዙው ሰው ግን ወደ ከሰል ተመለሰ። የድጎማው መነሣት በመንግሥት በጀት ላይ ቍጠባ ሆኖ ተመዘገበ፤ በቆላው ግራር ላይ የደረሰውን ግን የመዘገበው የለም።

ኤሌክትሪኩስ? የቤት ታሪፍ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይለወጥ ኖሯል። በዚያ ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 0.273 ብር ነበሩ፤ ከ101 እስከ 200 ባለው እርከን 0.4993 ብር። አሁን አንድ የ30 ኪሎ ሸክም እንጨት እናስብ። በሦስት ጉልቻ ላይ 60 ሜጋጁል ያህል ጠቃሚ ሙቀት ይሰጣል፤ ይህም ከ24 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ጋር ይተካከላል። በመካከለኛው እርከን ሲሰላ 12 ብር ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. 30 ኪሎ ማገዶ በ12 ብር የሚገዛበት ከተማ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ በኪሎ ዋት ሲታይ ይህን ያህል ርካሽ የነበረው ኤሌክትሪክ የማገዶ ገበያውን ለምን አልዘጋውም? መልሱ ታሪፉ ውስጥ አይገኝም። ሴትዮዋ መጀመሪያ መስመር ማስገባት አለባት፤ ቆጣሪ ማግኘት አለባት፤ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት አለባት፤ የቤቱ ሽቦ ያን ያህል መሸከም አለበት፤ በጋገረችበት ዕለትም መብራት መኖር አለበት። ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች ባሉበት ግቢ አከራይ ምጣድ አያስጠቅምም። ማገዶ ግን በየቀኑ በእጅ ባለው ሳንቲም ይገዛል። ድሃ ሰው ለአንድ ሜጋጁል የበለጠ የሚከፍለው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ትንሽ በትንሽ መክፈል የሚቻለው ነዳጅ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው። የዋጋው መጠን ብቻ ሳይሆን የአከፋፈሉ ቅርጽም የዋጋው አካል ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየደረጃው ጨምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀምሯል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ቡታጋዝም ሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋው አድጓል። በሌላ በኩል 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ኃይሉ ተገኝቷል፤ ከምጣዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው የቀረው።

ሸክሙ በማሽላ ሲለካ

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ከገዢው ወገን ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ግን በሻጯ ወገን ያለው ነው።

ሸክም እንጨት ይዛ እሑድ ሰንበቴ የምትመጣ ሴት ሙቀት አትሸጥም። ሽጣ የምትገዛው እህል ነው፤ በዚያ አገር ብዙውን ጊዜ ማሽላ። ስለዚህ ለእርሷ የማገዶ ዋጋ ብር አይደለም፤ አንድ ሸክም ስንት ጣሳ ማሽላ ይገዛል የሚለው ነው። ይህንን ምጣኔ በዓመት ውስጥ ብንከታተለው ከኪሎ ዋት ጋር የማይገናኝ እንቅስቃሴ እናያለን። መኸሩ ሲገባ የማሽላ አገዳ በየቤቱ ይኖራል፤ ሰውም በሥራ ላይ ነው፤ የሚሸጥ ሸክም ይቀንሳል። ዝናብ ሲዘገይና እህል ሲወደድ ደግሞ ሌላ የሚሸጥ ነገር የሌለው ሁሉ ወደ ቁጥቋጦው ይወጣል። ገበያው በሸክም ይሞላል፤ የሸክም ዋጋ ይወርዳል፤ የእህል ዋጋ ግን ወደ ላይ ይሄዳል። ሴትዮዋ የቀድሞውን ያህል እህል ለመግዛት ሁለት ሸክም መሸከም አለባት፤ ሁሉም እንዲሁ ሲያደርግ ደግሞ ዋጋው ይብሱን ይወርዳል።

ደሳለኝ ራህመቶ በ1977ቱ የወሎ ረኀብ ሰዎች ሕይወታቸውን ለማትረፍ የተከተሏቸውን መንገዶች ሲያጠኑ ማገዶና ከሰል መሸጥ ከእነዚህ መንገዶች አንዱ እንደ ነበር አሳይተዋል። እንግዲህ የገበያ መዝገብ የያዘ ጸሐፊ በረኀብ ዓመት «ማገዶ ረከሰ» ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ ትክክል ነው፤ የረከሰው ግን ማገዶው ሳይሆን የተሸካሚዋ ጉልበት ነው። ርካሽ ማገዶ የብልጽግና ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የረኀብ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ከጐኑ የማሽላውን ዋጋ ሳንጽፍ ሁለቱን ለመለየት አንችልም።

ይህ ለፖሊሲም ትርጉም አለው። ከሰልን በአዋጅ መከልከል በተደጋጋሚ ተሞክሯል። ክልከላው የከሰሉን ዋጋ በከተማ ያስወድዳል፤ በመንገድ ዳር ለሚያከስለው ሰው የሚደርሰውን ግን ያሳንሳል፤ ልዩነቱ ለማጓጓዣውና ለኬላው ይቀራል። ከዚህ ጋር የአዊን ፋግታ ለኮማን እናነጻጽር። እዚያ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በራሳቸው ማሳ ላይ ተክለው፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቈርጠው፣ ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፤ ከቈረጡ በኋላም መሬቱን ያርሱታል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የመታው በሽታ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋ እንዳለው አሳይቷል። ያም ሆኖ የፋግታ ለኮማ ከሰል ዋጋ ውስጥ የመሬቱ፣ የችግኙና የዓመታቱ ወጪ አለ፤ ምክንያቱም ዛፉ ባለቤት አለው። በቆላው ግራር ከሰል ዋጋ ውስጥ ያለው ግን የማክሰያው ጉልበትና የመኪናው ኪራይ ብቻ ነው። ሁለቱ ማዳበሪያዎች በአንድ ሱቅ ደጅ በአንድ ዋጋ ቢሸጡም አንድ ዕቃ አይደሉም።

መደምደሚያ

የማገዶ ዋጋ በታሪካችን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ወጪ ነው። በገባር ዘመን በገባሩ ቀን ተከፈለ፤ በምኒልክ ከተማ በባሕር ዛፍ መሬትና በእንጦጦ ሴቶች ጀርባ፤ በወሎ ደጋ በማሳው ለምነት፤ ከ2001 በኋላ በቆላው ግራር። እያንዳንዱ ዘመን ማገዶ ርካሽ መሆኑን የተናገረው ከፋዩ ከተናጋሪው የተለየ በነበረበት ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ መስፋፋትም ይህንን በራሱ አይሽረውም፤ የምጣዱና የመስመሩ ወጪ በማን እንደሚሸፈንና በየስንት ጊዜው እንደሚከፈል ካልተጠየቀ፣ ርካሹ ኃይል ካለው ቤት ገብቶ ከሌለው ቤት ደጃፍ ይቆማል። ከሌለው ቤት መብራት ሲገባም አንድ ጥያቄ ይተርፋል፤ ሸክሟን የሚገዛት ያጣችው ሴት ማሽላውን በምን ትገዛለች?

ለተማሪዎቼ አንድ የሥራ ሐሳብ ልተው። በሰንበቴ፣ በባቲ፣ በከሚሴና በአጣዬ ገበያዎች ለአንድ ሙሉ ዓመት በየሳምንቱ ሦስት ነገር መዝግቡ፤ የሸክሙን ክብደት በሚዛን፣ ዋጋውን በብር፣ በዚያው ዕለት የማሽላውን ዋጋ በኪሎ። አራተኛም ጨምሩ፤ ተሸካሚዋ ከቤቷ የተነሣችበትን ሰዓት። መሣሪያው አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ነው። እነዚህ አራት ቍጥሮች ጐን ለጐን ሲቆሙ፣ ማገዶ ስንት እንደሚያወጣና ያንንም የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ እናነባለን።